ላሙ፣ ሞምባሳ ወይስ ዛንዚባር? ለነሐሴ የቤተሰብ ጉዞ የተሰጠ ምላሽ

የተጠየቀው ይህ ነው፦ «አዲስ አበባ ነው የምንኖረው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ7 እና የ11 ዓመት ልጆቻችን እንዲሁም እናቴ ነሐሴ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእረፍት ከአገር ልንወጣ ነው። ባሕርም፣ ፀሐይም፣ ታሪክም ያለበት ቦታ ስንፈልግ የስዋሂሊ ጠረፍ ላይ ደረስን። ላሙ፣ ማሊንዲ፣ ሞምባሳ፣ ዲያኒ፣ ዛንዚባር፤ ሁሉም ያጓጓሉ። ዘጠኝ ቀን አለን። እንዴት ብናከፋፍለው ይሻላል? እናቴን ጉልበቷን ያማታል። ልጆቹ ዋና አይችሉም።»

እህቴ፣ አታከፋፍሉት።

የጻፍሻቸው አምስት ቦታዎች ካርታ ላይ ጎረቤት ይመስላሉ። ግን ላሙ፣ ማሊንዲ፣ ሞምባሳና ዲያኒ ኬንያ ውስጥ ናቸው፣ ዛንዚባር ደግሞ የታንዛኒያ ደሴት ነች፤ በመሐል የአውሮፕላን ቅያሬ አለ፣ የኢሚግሬሽን ሰልፍ አለ፣ የሁለት ልጆችና የአንድ እናት ሻንጣ አለ። በዘጠኝ ቀን ሦስቱን ለመንካት የሚሞክር ቤተሰብ ከባሕሩ ይልቅ ኤርፖርት ላይ ይውላል። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ሁሌም የምለው አንድ ነው፦ አንድ አሮጌ ከተማ፣ አንድ የባሕር ዳርቻ፣ በቃ። የትኛው ከተማና የትኛው ዳርቻ የሚለውን ደግሞ ፎቶ አይወስንልሽም። የሚወስነው ወሩ ነው፣ ከዚያ ደግሞ የባሕሩ ውሃ መውጣትና መውረድ ነው። ስለነዚህ ሁለቱ ሆቴል የሚሸጥልሽ ሰው ብዙ ጊዜ አያነሳም፤ እኔ ግን ከእነሱ ነው የምጀምረው።

ወሩን እንይ። ያ ጠረፍ በሁለት ነፋስ ነው የሚኖረው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት መጀመሪያ ከሰሜን ምሥራቅ የሚነፍሰው ካስካዚ ይባላል። ሞቃት ነው፣ ባሕሩም በአብዛኛው ጭምት ይሆናል። ከሰኔ እስከ መስከረም ገደማ ደግሞ ከደቡብ ምሥራቅ ኩሲ ይነፍሳል፤ ቀዝቀዝ ያለና ጠንከር ያለ ነው። ለዘመናት ከዓረብና ከሕንድ የመጡት ባለ ሸራ ጀልባዎች በአንዱ ነፋስ መጥተው በሌላው ይመለሱ ነበር፤ ነፋሱ እስኪዞር ድረስ ወራት ይጠብቃሉ፣ ያገባሉ፣ ይወልዳሉ፣ ቤት ይሠራሉ። ልታይው የምትሄጂው የድንጋይ ከተማ፣ የስዋሂሊ ቋንቋና ምግብ ሁሉ ከዚህ ጥበቃ ብዙ ወስዷል።

በሁለቱ ነፋሶች መሐል ዝናብ አለ። ትልቁ ዝናብ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት መጨረሻ ነው፤ ማሲካ ይሉታል። ትንሹ ኅዳርን ይዞ ይመጣል። ይህን ከእኛ ካሌንደር ጋር ስታገናኚው የሚገርም ነገር ታያለሽ፤ የእኛ ፋሲካ ብዙ ጊዜ የሚውለው እዚያ ዝናቡ በሚወርድበት ሰሞን ነው። ለፋሲካ ባሕር እንሂድ የሚሉኝን ሰዎች ባገኘሁ ቁጥር የምከለክለው ለዚህ ነው። ገናና ጥምቀት ግን ደረቅና ሞቃት ጊዜ ላይ ይውላሉ። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ እኛ ክረምት የምንለው ነው። አዲስ አበባ ጃንጥላ ይዛ በምትውልበት ሐምሌና ነሐሴ ዛንዚባር ደረቅ ነች፣ ቀኑ 28 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ማታ ደግሞ ደህና እንቅልፍ ያስተኛል። ከደጋ ለሚሄድ ሰው፣ በተለይ ለእናትሽ፣ ከጥር ሙቀት ይልቅ ይህ ይስማማል።

ስለ ነሐሴ ግን አንድ ነገር። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ፍልሰታ ነው። እናትሽ እንደሚጾሙ እገምታለሁ፤ ልጆቹም ሊጾሙ ይችላሉ፣ ፍልሰታን ሕፃን አዋቂ ይጾመው የለ። ስለዚህ ሰፊ ምርጫ ካላችሁ ከነሐሴ 17 በኋላ ተነሡ። ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ ጾሙ ያልፋል። ሁለተኛ የአውሮፓ ቤተሰቦች ለትምህርት መክፈቻ ወደ ቤታቸው መመለስ ይጀምራሉ፣ ሆቴሎችም ከዚያ በኋላ ዋጋ ላይ መነጋገር ይጀምራሉ። ለእንቁጣጣሽም ቤታችሁ ትደርሳላችሁ።

እንግዲህ በዚህ ወር፣ በዚህ ቤተሰብ፣ የኔ ምርጫ ዛንዚባር ነው። ሦስት ሌሊት ስቶን ታውን፣ አምስት ሌሊት ሰሜኑ ጫፍ ላይ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ይበርበታል፤ ናይሮቢ ላይ መቀየር ስለሌለባችሁ ለእናትሽ ትልቅ እረፍት ነው።

ስቶን ታውን ማለት ከኮራል (ባሕር ውስጥ ከሚበቅል) ድንጋይና ከኖራ የተሠራ የዛንዚባር አሮጌ ከተማ ነው፤ ዩኔስኮ በ2000 መዝግቦታል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ሐረር ጀጎልን ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል፦ ጠባብ ቅያስ፣ ነጭ ግድግዳ፣ መኪና የማይገባበት መተላለፊያ፣ ድንገት የሚከፈት ግቢ። የኦማኑ ገዥ ሰዒድ ቢን ሱልጣን በ1840 ገደማ መቀመጫውን ከሙስካት ወደዚህ ካዛወረ በኋላ ነው ከተማው እንዲህ የገነነው። ሀብቱ የመጣው ከቅርንፉድ ነው፣ ከዝሆን ጥርስ ነው፣ ከሰው ንግድም ነው። ይህን ሦስተኛውን አትዝለሉት። የባሪያ ገበያው የተዘጋው በ1873 ነው፤ በቦታው ላይ የአንግሊካን ካቴድራል ተሠርቶበታል፣ መሠዊያውም ሰዎች ታስረው ይገረፉበት በነበረው ሥፍራ ላይ ነው ይባላል። ውስጡ ካለው መስቀል አንዱ ዛምቢያ ውስጥ የስኮትላንዱ ሚስዮናዊ የዴቪድ ሊቪንግስተን ልብ ከተቀበረበት ቦታ ከነበረ ዛፍ የተሠራ ነው። ከጎኑ ሰዎች ከመሸጣቸው በፊት ይታጎሩባቸው ነበር ተብለው የሚታዩ ጨለማ ክፍሎች አሉ። የ11 ዓመቱ ልጅሽ ይረዳዋል፣ ቢጠይቅም ደስ ይበልሽ፤ የ7 ዓመቱን ግን አባቱ ግቢው ውስጥ ይዞት ቢቆይ ይሻላል።

ብዙ ሰው ስቶን ታውንን በግማሽ ቀን አይቶ ወደ ባሕር ይሮጣል። እኔ ይህን አልወድም። ከተማው የሚታየው ጠዋት ሱቆቹ ሲከፈቱና ማታ ሙቀቱ ሲበርድ ነው፤ ቀትር ላይ ለቱሪስት የተዘረጋ ሸቀጥና ሙቀት ብቻ ነው የምታዩት። በሮቹን እዩ። ላያቸው ግማሽ ክብ የሆኑት የሕንድ ነጋዴዎች ሥራ ናቸው፣ አራት ማዕዘን ሆነው የተቀረጹት የዓረቦቹ። ልጆቹን «የትኛው ነው የማን?» እያላችሁ ብታጫውቷቸው ሁለት ሰዓት ሳይሰለቻቸው ይሄዳሉ። ባሕሩ ፊት ለፊት የድንቆች ቤት የሚባለው የ1883ቱ ቤተ መንግሥት አለ፤ በ2020 መጨረሻ ከፊሉ ተደርምሷል፣ ስለዚህ በፎቶ የምታዩትን ሰገነት እዚያ ስትደርሱ በዚያው መልኩ አትጠብቁት። ማታ ፎሮድሃኒ የሚባለው መናፈሻ ውስጥ ምግብ ይጠበሳል። ዓሣ፣ ኦክቶፐስ፣ እንቁላልና ሥጋ የተጠቀለለበት እነሱ ፒዛ የሚሉት ቂጣ፣ በዝንጅብልና በሎሚ የተጨመቀ የሸንኮራ ጭማቂ። ከመብላታችሁ በፊት ዋጋ ተነጋገሩ። ከጠዋት ጀምሮ ተሰክቶ ሲጠብቅ የዋለውን ትታችሁ ፊታችሁ እሳት ላይ የወጣውን ውሰዱ።

ማረፊያ ስትመርጪ ተጠንቀቂ። እዚያ ያሉት ቆንጆዎቹ ሆቴሎች አሮጌ የነጋዴ ቤቶች ናቸው፤ ደረጃቸው ቀጥ ያለና ጠባብ ነው፣ አብዛኛው ሊፍት የለውም፣ ቁርስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰገነት ላይ ነው የሚቀርበው። ለእናትሽ ምድር ቤት ክፍል እንዳለና ቁርስ ታች ሊመጣላቸው እንደሚችል በጽሑፍ አስረግጠሽ ጠይቂ። መኪና በር ድረስ የሚደርስበት ጠርዝ ላይ ያለ ቤት ቢሆን ከመሐል ቅያስ ይሻላል።

ከዚያው ሆናችሁ ሁለት አጭር ጉዞ ውጡ። አንዱ ወደ ቅመም እርሻ ነው። የፈረንጅ ቱሪስት እዚያ ሄዶ ቀረፋ ዛፍ መሆኑን ያውቃል። እናትሽ ግን ሌላ ናቸው፤ እርዱን፣ ቅርንፉዱን፣ ሄሉን፣ ቁንዶ በርበሬውን ዕድሜ ልካቸውን ሲቀምሙት ኖረው አሁን ከነሥሩና ከነአበባው ሲያዩት ከአስጎብኚው ጋር ክርክር ነው የሚገጥሙት። በየቤተሰቡ ይህን ጉብኝት ከሁሉ አስበልጠው የሚያወሩት አያቶች ናቸው። መንገዱም ሜዳ ነው፣ ጉልበት አይፈትንም። ሁለተኛው በጀልባ ወደ ቻንጉ ደሴት ነው፣ የእስር ቤት ደሴት ይሉታል። ሕንፃው ለእስር ቤት ተብሎ ተሠርቶ በኋላ የቢጫ ወባ ማቆያ የሆነ ነው። ልጆቹን የሚማርካቸው ግን እሱ አይደለም፤ ከሲሼልስ የመጡ ግዙፍ ኤሊዎች ናቸው፣ አንዳንዶቹ ከመቶ ዓመት በላይ የኖሩ። ኩሲ ከሰዓት በኋላ ስለሚያይል ጠዋት ሂዱ። ጀልባ መውጣትና መውረዱ ለእናትሽ ከከበዳቸው እዚያው ስቶን ታውን ሻይ ይጠጡ፤ ግድ የለም።

አሁን ወደ ባሕሩ። ይህን ቀስ ብለሽ አንብቢልኝ፣ ምክንያቱም ሰዎች የሚያማርሩት እዚህ ላይ ነው። በዚህ ጠረፍ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ በሙላቱና በጉድለቱ መሐል ያለው ልዩነት እስከ 4 ሜትር ይደርሳል። የደሴቱ ምሥራቅ ዳርቻ፣ እነ ፓጄና ጃምቢያኒ፣ ለጥ ያለ ነው። ስለዚህ ውሃው ሲሸሽ ሩቅ ይሄዳል፣ በእግር ብትከተይውም ጉልበትሽ ድረስ ለማግኘት ረጅም መንገድ ነው። ፎቶው የተነሳው ሲሞላ ነው። አንዳንድ ቤተሰብ ከፍሎ ሄዶ ጠዋት መስኮት ሲከፍት ባሕሩ የለም! ከስድስት ሰዓት በኋላ ይመለሳል፣ በየቀኑም ወደ ሃምሳ ደቂቃ እየዘገየ ነው የሚመጣው። በዚያ ላይ ነሐሴ ላይ ኩሲ በቀጥታ የሚመታው ይህን ምሥራቁን ነው። በነፋስ ካይት ለሚንሳፈፉ ወጣቶች ገነት ነው። ለእናትሽ አይደለም።

በሰሜን ምዕራብ ጫፍ ያለው ኬንድዋ ግን ለየት ይላል። ጥልቀቱ ከዳርቻው ብዙም ስለማይርቅ ውሃው ሲጎድልም መዋኘት ይቻላል፣ ፊቱ ወደ ምዕራብ ስለሆነም ከኩሲ ይከለላል፣ ፀሐይም ባሕሩ ላይ ትጠልቃለች። ጎረቤቱ ኑንግዊ ሰፋ ያለ መንደር ነው፤ አሁንም ድረስ ባለ ሸራ ጀልባዎችን አሸዋው ላይ በእጅ ይሠራሉ፣ ቆማችሁ ብታዩ አይቆጡም። ከስቶን ታውን በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ኬንድዋ ላይ ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ትልቅ ጭፈራ አለ፤ የምትይዙት ሌሊት ከዚያ ጋር እንዳይገጥም ካሌንደር እዪ፣ አለዚያ እናትሽ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከበሮ ይሰማሉ። ወደ ምሥራቁ ደግሞ ለቀን ብቻ ሂዱ፤ መንገድ ላይ ጆዛኒ ጫካ ግቡ፣ እዚያ ያለው ቀይ ኮሎበስ ጦጣ ከዛንዚባር በቀር በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የለም።

ዛንዚባር ካልተመቸሽስ? ሁለተኛው ምርጫ ሞምባሳና ዲያኒ ነው። ወደ ሞምባሳም የእኛ አየር መንገድ ይበራል። ሁለት ሌሊት ከተማው ውስጥ፣ ቀሪው ዲያኒ። ከተማው ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ብታዩ ፎርት ጂሰስን እዩ፦ ፖርቱጋሎች በ1593 መሥራት የጀመሩት፣ ኦማኖች ከ1696 ጀምሮ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ከበው የያዙት ምሽግ። ግንቡ ላይ ቆሞ ወደ ባሕሩ መግቢያ ሲታይ ለምን ይህን ያህል እንደተጣሉበት ያለ አስጎብኚ ይገባል። ዲያኒ ከሞምባሳ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አሸዋው ነጭና ደቃቅ ነው፣ ከፊቱ ያለው የኮራል ድንጋይ ትልቁን ማዕበል ይሰብረዋል። ድሮ የሊኮኒ ፌሪ (መኪና የሚያሻግረው ጀልባ) ላይ መጠበቅ ግድ ነበር። አሁን ከኤርፖርት በኩል በዶንጎ ኩንዱ መንገድ ፌሪውን ሳትነኩ ትደርሳላችሁ፤ ሹፌሩ በየት በኩል እንደሚሄድ አስቀድማችሁ ጠይቁት። ነሐሴ ላይ ዲያኒ ከዛንዚባር ትንሽ ደመና ይበዛዋል፣ ባሕሩም ይንቀሳቀሳል። መጥፎ አይደለም፣ ሁለተኛ ነው ያልኩትም ለዚያ ነው።

ናይሮቢ ዘመድ ያላችሁ ከሆነ ደግሞ በ2017 የተከፈተውን ባቡር ተጠቀሙ። ናይሮቢ ሞምባሳ አምስት ስድስት ሰዓት ነው፣ በጻቮ ፓርክ መሐል ያልፋል፣ ዝሆን በመስኮት ማየት የተለመደ ነው። ለልጆቹ ከአውሮፕላኑ ይበልጣል። የሞምባሳው ጣቢያ ከከተማው ውጭ መሆኑን ግን እወቂ።

ማሊንዲንና ጎረቤቱን ዋታሙን ለገና ወይም ለጥምቀት አቆዪው። ነሐሴ ላይ ባሕሩ ስለሚታወክ ዋታሙ ውሃ ውስጥ ያለው የኮራልና የዓሣ ትርኢት፣ ማለትም የምትሄጂበት ዋና ምክንያት፣ ይደበዝዛል። ማሊንዲ አጠገብ ደግሞ የሳባኪ ወንዝ ደለል ይዞ ስለሚገባ ዝናብ በዘነበ ሰሞን ውሃው ቡናማ ነው። በጥር ግን ያ አካባቢ ሌላ ነው። ገዲ የሚባለው በጫካ የተዋጠ የስዋሂሊ ከተማ እዚያው ነው፤ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ጥሎት ሄዷል፣ ፍርስራሹ ውስጥ የቻይና ሸክላ ተገኝቷል፣ በ2024 ዩኔስኮ መዝገብ ገብቷል። እኔ ከጠረፉ ሁሉ አንድ ጥዋት ብቻ ቢሰጠኝ እዚያ ነው የማሳልፈው። ማሊንዲ ላይ የፖርቱጋሉ መርከበኛ የቫስኮ ዳ ጋማ የድንጋይ ምሰሶ አለ፤ ሰውየው በ1498 እዚያ ደርሶ ወደ ሕንድ የሚያሻግረው መሪ ያገኘው በማሊንዲ ነው። ልጁ ክሪስቶፎ ዳ ጋማ እኛ አገር ድረስ መጥቶ ከግራኝ አሕመድ ጋር ሲዋጋ ተማርኮ በ1542 የተገደለው ነው። ለታሪክ ወዳድ ባለቤትሽ ይህን ንገሪውና ምሰሶውን አይቶ ካልመጣሁ ይላል።

ላሙን በተመለከተ ቅር እንዳይልሽ፤ ከሁሉም የማደንቀው እሱን ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ካሉት የስዋሂሊ ከተሞች ጥንታዊ መልኩን አጥብቆ የያዘው እሱ ነው፣ መኪና የለም ማለት ይቻላል፣ ዕቃ የሚመላለሰው በአህያና በጀልባ ነው። ግን አውሮፕላኑ የሚያርፈው ማንዳ ደሴት ላይ ነው። ከዚያ ጀልባ፣ ከጀልባ እርጥብ የድንጋይ ደረጃ፣ ከደረጃው ወጣ ገባ ቅያስ። የእናትሽን ጉልበት አስቢ። በተጨማሪም የላሙ አውራጃ የብሱ ክፍል እስከ ሶማሊያ ድንበር የጸጥታ ችግር ስላለበት በመኪና መግባትን ለማንም አልመክርም፤ በአውሮፕላን ወደ ደሴቱ ብቻ። ስሙን ከዜና የምታውቂው ኢትዮጵያን ጭምር ያገናኛል ከተባለው አዲሱ ወደብ ይሆናል፤ ወደቡ ከአሮጌው ከተማ ራቅ ብሎ የብሱ ላይ ነው። አንድ ጥር ላይ አንቺና ባለቤትሽ ብቻችሁን ሂዱበት።

ወረቀት። ኬንያ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ አትጠይቅም፤ የኦንላይን ምዝገባ ሕጓን ግን ቶሎ ቶሎ ስለምትቀያይር ከመነሳትሽ በፊት የመንግሥቱን ገጽ እዪ። ለታንዛኒያ ቪዛ ያስፈልጋል፣ ማመልከቻው በኦንላይን ነው። ቀደም ብለሽ አስገቢ፣ መልሱ ሳይመጣ የማይመለስ ትኬት አትቁረጪ። ዛንዚባር ደግሞ ከ2024 ጥቅምት ወዲህ የውጭ ጎብኚ ሁሉ የራሷን የጉዞ ኢንሹራንስ እንዲገዛ ታስገድዳለች፤ ለአዋቂ 44 ዶላር ነው፣ ሌላ ኢንሹራንስ አለኝ ብትዪም አያድንም። በጀታችሁ ውስጥ አስገቡት።

የቢጫ ወባ ክትባት አትርሺ። ኢትዮጵያ በሽታው ሊኖርባቸው ይችላል ከሚባሉ አገሮች ስለሆነች ሁለቱም አገሮች ከእኛ የሚመጣ ሰው ካርዱን እንዲያሳይ ይጠይቃሉ። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጉ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ለልጆቹም ነው። እናትሽ በዕድሜ የገፉ ከሆነ ከመወጋታቸው በፊት ሐኪም ያማክሩ። ወባም አለ። ዛንዚባር በጣም ቀንሳዋለች እንጂ አላጠፋችውም፣ የኬንያ ጠረፍ ላይ ደግሞ ይብሳል። ደጋ ያደገ ሰው መከላከያ የለውም፤ ስለ መድኃኒቱ ሐኪም ጠይቂ፣ አጎበር ያለው ክፍል ያዢ።

ብር እዚያ አይመነዘርም፣ ዶላር በባንክ በኩል ያዙ። ያረጀ፣ የተቀደደ ወይም የድሮ ዓመት የታተመበት የዶላር ኖት አይቀበሉም፤ ከባንክ ስትወስጂ እያየሽ ተቀበዪ። ፌስታል ይዛችሁ አትሂዱ። በሁለቱም አገር ክልክል ነው፣ ኬንያ ከ2017፣ ታንዛኒያ ከ2019 ጀምሮ። ቆሎና ዳቦ ቆሎ በፌስታል ቋጥሮ ሻንጣ ውስጥ መክተት የለመድን ሰዎች ነንና በጨርቅ ከረጢት አድርጉት።

ልብስ ላይ፣ ስቶን ታውን ውስጥ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ነው፣ በዋና ልብስ መንደር ውስጥ መዞር ነውር ነው። የእናትሽ ነጠላ ሲበዛ ይበቃል። ምግብ ላይ፣ ሥጋ ላይ የምትጠነቀቁ ከሆነ ዓሣ እንደ ልብ ነው። ጾም ላይም ከሄዳችሁ አትቸገሩም፦ በኮኮናት ወተት የተሠራ ባቄላና የእርግብ አተር አለ፣ በኮኮናት የበሰለ ሩዝ አለ። ቅቤ እንዳይገባበት ብቻ ተናገሩ።

ሰዓት ላይ የሚያስቅ ነገር አለ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት ልክ እንደኛ ነው፣ ጠዋት አንድ ሰዓት አንድ ሰዓት ነው። ግን ከውጭ ሰው ጋር በእንግሊዝኛ ሲያወሩ ወደ ፈረንጁ ይቀይሩታል። ሹፌሩ በየትኛው እንደነገራችሁ ካላረጋገጣችሁ ወይ ስድስት ሰዓት ትጠብቁታላችሁ ወይ ጥሏችሁ ይሄዳል። የመኪናና የጀልባ ቀጠሮ ሁሉ በስልክ በጽሑፍ ይሁን።

የልጆቹ ዋና ነገር። ኬንድዋ ላይ ጥልቀቱ ቅርብ ነው ብዬሻለሁ፤ ለአዋቂ ጥሩ የሆነው ይኸው ነገር ለማይዋኝ ልጅ አደጋ ነው። ስለዚህ ጥልቀት የሌለው የልጆች ገንዳ ያለው ሆቴል ምረጪ፣ ባሕር ሲገቡ ከእናንተ አንዳችሁ ውሃው ውስጥ ከጎናቸው ሁኑ እንጂ ወንበር ላይ ሆናችሁ አትዩ። ጀልባ ላይ ልካቸው የሆነ ላይፍ ጃኬት ከሌለ አትሳፈሩ፤ ባለጀልባው «ችግር የለም» ቢልም ችግር አለው፣ ብዙ ጊዜ የሚያመጣው የአዋቂ ነውና ከልጅ አንገት ሾልኮ ይወጣል። የልጆች ልክ ከአዲስ አበባ ገዝቶ መሄድ ይቻላል። ወደ ምሥራቁ ለቀን ስትሄዱ ደግሞ ውሃው በሚጎድልበት ሰዓት አድርጉት፦ ለሌላው ሰው የሚያበሳጨው ያ የሸሸ ባሕር ለእናንተ ልጆች ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ኩሬ እየሆነ ኮከብ ዓሣና ትንንሽ ሸርጣን ያሳያቸዋል፣ ሴቶቹ የባሕር አረም ሲያለሙም ታያላችሁ። በባዶ እግር ግን አይሁን፤ እሾህ የለበሰ ጥቁር የባሕር እንስሳ ድንጋዩ ላይ ተለጥፎ ይቀመጣል፣ ሲወጋ ያማል። ሶሉ ወፍራም የሆነ የላስቲክ ጫማ ለአምስታችሁም ግዢ። ውሃው መመለስ ሲጀምር ቶሎ ይመጣል፣ የሚመለስበትን ሰዓት ከሆቴሉ ጠይቃችሁ ከዚያ ቀድማችሁ ውጡ።